ሰፊው ሳጥን

ወለል የማጸዳበት የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ አንዲት የእኔ እኩያ ገባች። ልብስ ሰፊ ሳትሆን አትቀርም፤ ሜትር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ኮሌታዋ ላይ መርፌ ተሰክቷል። ሻጩ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ትንሽ የኮምፒውተር ሳጥን አቀረበላት። ሜትሯን አውርዳ ውስጡን ለካችው።

"ይሄማ ልክክ ያለ ነው። ነገ የጌሙን ምስል የሚያጠራ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ ብል የት ይገባል? እኔ የልጅ ሱሪ ስሰፋ እንኳ ጫፉን አጥፌ አተርፍለታለሁ። መብራቱ ይቅርብኝና ሰፊውን አምጣልኝ። ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ፓወር ሰፕላዩም ጠንከር ይበል። ካርዱ ለጊዜው ርካሹ ይበቃል።"

"እናቴ፣ ለጌም ይሄም አያንስም። ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?"

"የምን ልጅ? ልጆቼማ አግብተው ወጡ። እነሱ ሲጫወቱ ከኋላ ቆሜ ሳይ ኖሬ፣ አሁን ገና ወንበሩ ተለቀቀልኝ።"

በእኛ ዕድሜ ሰው ለራሱ ከመድኃኒት ሌላ ነገር የሚገዛ አይመስለኝም ነበር።

ሻጩ ሳቁ አመለጠው። "ታዲያ ይችሉበታል?"

"ኧረ የት አባቴ! ሕፃን ሁሉ ነው የሚያሸንፈኝ" አለች፣ እሷም እየሳቀች። "ግን ቆይ፣ አድጋለሁ።"

ሻጩ መሰላሉን ስቦ ሰፊውን ሳጥን ሊያወርድላት ወጣ።