የዳቦ ሻጯ አልቢና የሐሙስ ጉዞ

አልቢና ጃኔኪኒ በጣሊያን ሉካ ከተማ ውስጥ፣ ከከተማው ግንብ በር ገባ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ዳቦ ስትሸጥ ነው ያረጀችው። የዓለም ሰው የሚጎርፈው በበሯ ላይ ነበር። ካርታ የዘረጉ ጀርመኖች፣ ፀሐይ ፊታቸውን ያቀላው እንግሊዞች፣ ዘቢብ ያለበትን ጣፋጭ ዳቦ ከእሷ ገዝተው፣ ነገ ሲዬና፣ ከነገ ወዲያ ቮልቴራ እያሉ ይሄዳሉ። እሷ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና "መልካም መንገድ" ትላቸዋለች። ባሏ ኦታቪዮ በእጮኝነታቸው ጊዜ ሲዬናን አሳይሻለሁ ብሏት ነበር። ሳያሳያት የቀረው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሁድ ገበያው ይደራል፣ ሰኞ ዱቄት ይመጣል፤ ከዚያ ልጅ ተወለደ፣ ከዚያ ምድጃው ተበላሸ። ዛሬ ነገ ሲባል ኦታቪዮ ሞተ።

የሐዘኑ ጊዜ ሲያልፍ ዳቦ ቤቱን ለልጇ ለሎሪስ አስረከበች። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ቤት እንደማትውል ተናገረች። የት ልትሄጂ ነው ቢላት፣ ዙሪያችን ያሉትን ከተሞች ላያቸው ነው አለችው። ሎሪስ የቀለደች መስሎት ሳቀ። የባሏ እህት ኒቬስ ግን አልሳቀችም። ኒቬስ ከእነሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናት።

"በስተርጅና ቱሪስት ሆንሽ?" አለቻት። "ካሜራ አንጠልጥለሽ፣ ቁምጣ ለብሰሽ ልናይሽ ነው?"

"ቁምጣው ይቆየኝ" አለች አልቢና ሾርባዋን መጠጣቷን ሳታቋርጥ። "መጀመሪያ ፒሳ ነው የምሄደው።"

"ፒሳ? የወንድሜ አጥንት ይውጋሽ!"

ሉካና ፒሳ ጎረቤት ናቸው፤ የሚጠላሉትም ለዚሁ ነው። አልቢና ግን ሄደች። ሰው ሁሉ የተንጋደደውን ማማ በእጁ የደገፈ መስሎ ፎቶ ሲነሳ፣ እሷ ሣሩ ዳር ቁጭ ብላ ንጣቱን ስታደንቅ ዋለች። ማታ ለኒቬስ የነገረቻት ሌላ ነገር አልነበረም፤ የፒሳ ቡና ከሉካ ቡና ይሻላል አለቻት። ኒቬስ ለሳምንት ያህል አኮረፈች።

ቮልቴራ ላይ ግን ነገር ተበላሸ። ከተማዋ ተራራ አናት ላይ ናት፤ ዝናብ ዘንቦ ድንጋዩ ያንሸራትታል። አልቢና ቁልቁለቱን ስትወርድ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሎሪስ ዳቦ ቤቱን ዘግቶ፣ መኪና አስነስቶ ከሆስፒታል ወሰዳት።

"እማ፣ በቃ" አለ ግማሽ መንገድ ላይ። "በሚቀጥለው ሬሳሽን ላመጣ ነው?"

"የተሰበረው እጄ ነው" አለችው። "የምሄደው በእግሬ ነው።"

ሎሪስ መሪውን ጨበጥ አደረገ። አንድ ያልነገረችው ነገር ግን ነበር። ቀኝ ጉልበቷ ከቆየ ጀምሮ አልታዘዝ ብሏታል።

ክረምቱን ሙሉ፣ እጇ በጀሶ ታስሮ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ መንገድ ሰፊ የሆነው የከተማው ግንብ ላይ ወጥታ፣ እዚያ በተተከሉት ዛፎች ሥር መዞር ጀመረች። ውርጭም ቢሆን አትቀርም። ጎረቤቱ ሐኪም ያዘዘላት መሰለው። ኒቬስ ብቻ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ፣ ለየትኛው ጦርነት ነው የምትሠለጥኚው ብላ ጮኸችባት። አልቢና ቀና ብላ፣ ለሲዬና ማማ ነው አለቻት።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ለማንም ሳትናገር ተነሳች። ባቡር ቀያይራ ሲዬና ስትገባ ቀኑ ብሩህ ነበር። ያን እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ አደባባይ ከዳር እስከ ዳር አየችና፣ በቀጥታ ወደ ማማው ሄደች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ግማሽ እንደወጣች ጉልበቷ ተቆለፈ። ከኋላዋ ያለው ሰው ቆመ። ከእሱ ኋላ ያለውም ቆመ። ወዲያው የማማው ጥበቃ ከላይ ወረደ፤ ጢሙን የተላጨ፣ ድካም ፊቱ ላይ የሚታይ ጎልማሳ ነበር።

"እናቴ፣ ይበቃዎታል። ደግፌ ላውርድዎት" አላት።

"መውረዱን ብቻዬንም እችለዋለሁ። አንተ ሰዎቹን አሳልፋቸው።"

"ቢወድቁስ? የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"ቁጭ ብዬ የት እወድቃለሁ?" አለችና ትንሿ መስኮት ሥር ያለው ክፍተት ውስጥ ተሸጎጠች።

ሰዎቹ ጎናቸውን እያጠበቡ አለፉ፤ አንዳንዱ ትከሻዋን ነካ እያደረገ። አልቢና ፈርታ ነበር። የቮልቴራ ድንጋይ፣ ያ የአጥንቷ ድምፅ ትዝ አላት። ብወርድ ማን ያውቃል፣ ወጣሁ ብልስ ማን ይከራከረኛል ብላ አሰበች። ከዚያ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ሰው "መልካም መንገድ" ብላ ስትሸኝ መኖሯ አናደዳት። ጉልበቷን በደንብ አሸችው። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ጤነኛውን እግሯን አስቀድማ፣ የታመመውን እያስከተለች፣ መራመድ እንደጀመረ ሕፃን አንድ አንድ እያለች ወጣች። ጥበቃው መጨቃጨቁን ትቶ ከኋላዋ ተከተላት።

አናቱ ላይ ነፋሱ ሻርፗን ሊነጥቃት ታገለ። ከሥሯ ቀይ የጣሪያ ክዳን ተነጥፏል፤ ከዚያ ማዶ ኮረብታው በሙሉ የስንዴ ቡቃያ ነው። ሉካ በየት በኩል ናት ብላ ጥበቃውን ጠየቀችው። በጣቱ አመለከተና፣ ከዚህ አትታይም አላት። አልቢና አጥሩን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ኦታቪዮ ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው ስንዴውን ነበር። ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

መውረዱ ከመውጣቱ ባሰ። ሉካ ስትደርስ፣ ቤት ሲያጣት የጠረጠረው ሎሪስ ጣቢያው ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ቀሚሷ ከኋላ በአቧራ ነጭ መሆኑን አየ።

"በቂጥሽ ነው የወረድሽው?"

"በቂጤ ነው" አለችው።

ሳቁን ሊይዘው ሞከረ፤ አልቻለም። ቦርሳዋን ተቀበላት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ኒቬስ አዲስ ጫማ ተጫምታ ወረደችና፣ ወደ አሬዞ ከተማ የሚሄደው ባቡር ከየትኛው መስመር ነው የሚነሳው አለች። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱም የሉም። ኒቬስ ጫማው ጠበበኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በረደኝ እያለች ታማርራለች፤ ማማ መውጣት ሲመጣ ደግሞ ቦርሳ ልጠብቅ ብላ ታች ትቀራለች። አልቢና በከዘራዋ ትወጣለች። ጉልበቷ አልዳነም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል ሲላት እሺ ብላዋለች፤ ግን የቀሩትን ከተሞች ከጨረስኩ በኋላ ነው ብላዋለች።