የማዳም እናት መክተፊያ

አክስቴ ዓረብ አገር፣ አል ፈላሕ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ቪላ ምግብ አብሳይ ናት፤ ከተቀጠረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ አል ዓይን ከተማ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስሆን ቅዳሜና እሁድ እሷ ክፍል እንዳድር አሠሪዋ ማዳም ፈቅዳልኝ ነበር። ይህን ውለታ በምን እንደምመልስ ሁልጊዜ ይጨንቀኛል። ሳልታዘዝ ሳህን አጥባለሁ፣ ሳልጠየቅ ጓሮ እጠርጋለሁ። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነው።

ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ወፍራም የእንጨት መክተፊያ አለ። ማዳም አል ዓይን ከሚገኘው ከሟች እናቷ ቤት ያመጣችው ነው። እንግዳ ሲመጣ ዳቦና ተምር በራሷ እጅ የምትቆርጠው እሱ ላይ ብቻ ነው። ከብዙ ዓመት ቢላዋ የተነሳ መሐሉ ጎድጉዷል። አንድ ቅዳሜ ሳየው ደርቆ፣ ነጣ ብሎ፣ ጠርዙ ሊሰነጠቅ ደርሷል። እኛ ቤት ገበቴ ሲደርቅ ቅቤ ይቀባል፤ ለእንጨት ሌላ መድኃኒት አላውቅም። አክስቴ ገበያ ስትሄድ ከአገር ቤት ከተላከላት የተነጠረ ቅቤ በጣቴ ዛቅሁና እስኪያብለጨልጭ ድረስ አሸሁት። እንዲሰርግለት ብዬም ጓሮ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። አማረልኝ። ወደ ቦታው መልሼው እሁድ በአውቶቡስ ወደ አል ዓይን ሄድኩ።

ረቡዕ አክስቴ ደወለች።

«መክተፊያውን ምን አደረግሽው?»

«ደርቆ ስላየሁት ቅቤ ቀባሁት።»

«ከርፍቷል! ኮሰረቱ ራሱ ይሸታል። ማዳም አፍንጫዋን ይዛ ነው የወጣችው። ማነው የነካው አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እኔ ነኝ አልኳት። ልጅቷ ናት ብዬ ከቤት ላስወጣሽ? ኢቃማዬ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። ቅዳሜ እህቶቿ ሲመጡ እንደዚህ ካገኘችው አለቀልኝ።»

ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ካልታደሰ ከአገሩ መውጣቷ ነው። አገር ቤት ሁለት ልጆቿ የሚማሩት በእሷ ነው። ከክፍል ወጥቼ አንድ አናጢ ጋ ሮጥኩ። «ቅቤ?» ብሎ ሳቀብኝ። «የሚበላ ነገር እንጨት ውስጥ ገብቶ ይበላሻል እኮ። በብርጭቆ ወረቀት ፋቂው፣ ከዚያ ከፋርማሲ የፓራፊን ዘይት ገዝተሽ ቀቢው።»

ፋርማሲው ውስጥ ያለው ሰውዬ «ለሆድ ድርቀት ነው?» አለኝ።

«ለእንጨት ነው» አልኩት። ጠርሙሱን ሲያቀብለኝ ዓይኔን አላየም።

ቅዳሜ ጠዋት መክተፊያውን በሎሚና በጨው አሸሁት። ሽታው አልለቀቀም። ፋቅሁት።

«አሁንስ?» አለች አክስቴ፣ በሩን በሩን እያየች።

«አሁንም አለ።»

«ፋቂው በይ! ፋቂው!»

ሽታው ሲጠፋ እጄ ተልጦ ነበር። ዘይቱን በጨርቅ ሦስት ጊዜ ቀባሁት፣ ትርፉን ጠረግሁ። እንደዚያ ያማረ እንጨት አይቼ አላውቅም።

ማዳም ገብታ አሸተተችውና ፈገግ አለች። ከዚያ መዳፏን መሐሉ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያና ወዲህ አንሸራተተችው። ጉድጓዱን እየፈለገች እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እንጨቱ ለጥ ብሏል።

«እናቴ የቆረጠችበት የት አለ?» አለች ለአክስቴ።

«እኔ ነኝ ማዳም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

መቻል አቃተኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ቅቤውን የቀባሁትም፣ የፋቅሁትም እኔ ነኝ። እሷ አልነካችውም።» እውነቱን ብናገር የማድናት መስሎኝ ነበር።

ማዳም ወደ እኔ አልዞረችም። «ዘጠኝ ዓመት» አለቻት አክስቴን። «ዘጠኝ ዓመት ልጆቼን ትቼልሽ ስወጣ። ዓይኔን እያየሽ ዋሸሽኝ?»



«ኸላስ፣ በቃ። ኢቃማሽን አላሳድስም» አለችና መክተፊያውን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች።

እህቶቿ መጡ። አክስቴ እንደ ወትሮዋ ምሳ አቀረበች፤ ዳቦው በሳህን ቀረበ። «ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ?» አልኳት።

«ምን ብለሽ? ይብቃሽ። ሳህኑን እጠቢ።»

አጠብኩ። ስጨርስ የተረፈውን የዘይት ጠርሙስ አነሳች፣ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው።

«ይዘሽው ሂጂ» አለችኝ። «ከእንግዲህ እዚህ የሚቀባው ሰው የለም።»