ልጄ ጎተራ ለካች!

ዛሬ ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ልኬቴ ተሳካ!» ስትለኝ ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ የሚሰማ እልልታ አቀለጥኩት።

ፊዚክስ ነው የምታጠናው። ፈጣን ኒውትሮን የአቶም እምብርት ላይ ሲወረወር ምን ያህሉ ተይዞ እንደሚቀር ትለካለች። ባለፈው ግን ከግድግዳ ነጥረው የተመለሱ ቀርፋፋ ኒውትሮኖች ገብተው ቆጠራዋን አበላሹባት፤ ምረቃዋም ሊቀር ነበር። (እኔ የገባኝ ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ!)

«መለኪያው ምን ይባላል?» አልኳት።

«ባርን። በእኛ ጎተራ ማለት ነው፤ ሳይንቲስቶች ለቀልድ ያወጡት ስም ነው።»

በጣሊያን ጊዜ ልጅ የነበሩት አባቴ ከቀወት መጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ይህን በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሲሰሙ ዱላቸውን ጨበጡ።

«ጎተራ ነው የምትለኪው? ጣሊያንም ማሽላችንን የወሰደው መጀመሪያ ጎተራችንን ለክቶ ነው! ለማን ነው የምትለኪው አንቺ?»

«ኧረ አባባ፣ እህል የለበትም!» አለች በሳቅ እየፈረሰች።

«ታዲያ ስንት ወጣ?»

«ጎተራው ለሺህ ቢከፈል ከሺው ጥቂቱ ብቻ ነው።»

አባቴ ዱላቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ለዚህችማ እንኳን ጣሊያን አይጥም አትመጣ! በይ እኔ መርቄሻለሁ፣ አስተማሪዎችሽም ይመርቁሽ።»

እስካሁን እየሳቅኩ ነው። የእናንተ ልጆች ትምህርታቸውን ለአያቶቻቸው ሲያስረዱ ምን ጉድ ተፈጠረ? ንገሩኝ እስቲ!