ፊሽካው እኔ እጅ ነበር

ሱሉልታ ቤት ሠርቼ በገባሁ በሦስተኛው ወር የሮንድ ተራ ደረሰኝ። ከየቤቱ አንድ ወንድ እየወጣ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ እስኪነጋ ሰፈሩን ይዞራል። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ዱላ ይዤ የማውቀው ለጥምቀት ብቻ ነው። ያውም በዚያ ሳምንት ሁለት ላሞች ከበረት ተነድተው ሰፈሩ በሙሉ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ሌባ ከታየ አንድ ረጅም ፊሽካ ይነፋል፤ ሁሉም ዱላውን ይዞ ይወጣል። ደንቡ ይኸው ነው።

የተጣመርኩት ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋር ነው፤ ኦቦ እላቸዋለሁ። ፊሽካውን አንገቴ ላይ እያጠለቁ፣ «ሱታ፤ በእኛ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው። አንዴ ከተነፋ መልሰህ አትውጠውም» አሉኝ።

ሊነጋ ሲል ኦቦ በረታቸውን ሊያዩ ገባ አሉና ብቻዬን ቀረሁ። ወዲያው ከጭጋጉ ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ኮፍያውን እስከ ዓይኑ የደፋ ወጣት በአጥሩ ጥግ እየሮጠ አለፈኝ። ሱሉልታ የሯጮች አገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የማያቸው አስፋልቱ ላይ፣ በቡድን ነው። የተነዱት ላሞች ትዝ አሉኝ፤ ፊሽካውን አፌ ላይ አደረግሁ። ነፋሁት።

ሌባ ቢሆን እግሬ አውጪኝ ባለ ነበር። እሱ ግን ቆመ፤ ሰዓቱን አየና ወደ እኔ ዞሮ መጣ። «አቤት ኮች!» አለ እያለከለከ። አሰልጣኙ የጠራው መስሎታል።

በሮች ተበረገዱ። ጎረቤቶቼ ዱላቸውን ይዘው ከየአቅጣጫው ከበቡት። «ሯጭ ነው» ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል። ምላሴ ተሳሰረ። ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩን በከንቱ ቀሰቀሰ እንዳልባል አፍሬም ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ኦቦ ከበረታቸው እየሮጡ ደረሱ። በኦሮምኛም በአማርኛም «ዲሳ! ተዉት! ሯጭ ነው!» ብለው ልጁን እቅፍ አደረጉት። የተሰነዘረው ዱላ ግን አልተመለሰም፤ የእሳቸው ትከሻ ላይ አረፈ።

የመታቸው ጎረቤት እግራቸው ላይ ወደቀ። ኦቦ ትከሻቸውን ይዘው ቀና ብለው ያዩት ግን እኔን ነው። የፈሪ ዱላ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ በፊሽካ ወጣ።

ያ ወጣት ዛሬም በሰፈራችን ይሮጣል። ከአጥሬ ሲደርስ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሯጭ ነኝ! ሯጭ ነኝ!» ይላል። እኔን ያቃተኝን ሁለት ቃል በየማለዳው፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ከእሱ አፍ እሰማዋለሁ።