አባቴ ቦሬ ላይ ለመደ የተባለው

አባቴን ነገሌ ውስጥ ሰካራም ያደረግነው እኛ ቤተሰቦቹ ነን። ሰዉ ከራሱ የጨመረው ብዙ ነገር የለም፤ እኛ የሰጠነውን ተቀብሎ አስፋፋው እንጂ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ዓመት አባቴን ደም የቀላቀለ ሳል ያዘው። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር የከፈተው ሱቅ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይሸጥ ነበር፤ ቲቢ ያለበት ሰው የመዘነውን ስኳር ማን ወደ ቤቱ ይወስዳል? እናቴ ዘዴ አላጣችም። የቲቢውን መርፌ ዘመድ ያለበት ቦሬ ሄዶ ይውሰድ፣ ለጠየቀ ሁሉ ገብስ ሊያመጣ ሄደ እንበል አለች። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ አንድ መርፌ ተወጋ። እኔ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ይዤ፣ «አካም፣ ናጋ? አባትሽ የት ጠፋ?» ላለኝ ሁሉ «ቦሬ፣ ገብስ ሊያመጣ» ስል ከረምኩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ደብቀንም መድኃኒቱን አገኘን፤ ሳሉም ለቀቀው። ግን አንዳችንም ገብሱን አላሰብነውም። አባቴ ከአውቶቡስ ሲወርድ እጁ ላይ አንዲት ቁና ገብስ አልነበረችም፣ እግሩ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። የመናኸሪያ ሰዎች «ገብሱን እዚያው ጠጥቶት መጣ» ብለው ሳቁ። ቦሬ ብርድ ነው፣ ብርድ ደግሞ አረቄ ያስለምዳል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እሱ የሚሆነውን ነግሮናል። «መሬቱ ከእግሬ ሥር ይሸሻል። ጆሮዬ ውስጥ ማሾ ፋኖስ የበራ ይመስል ሽ… ይላል» ይለን ነበር። እኛ ሕመሙ አድክሞት ነው፣ በደንብ ሲበላ ይተወዋል አልን። አልተወውም። ማሾው ቀረና ዝምታው መጣ፤ መጀመሪያ የልጆችን ድምፅ፣ ቀጥሎ የእናቴን፣ በመጨረሻም አዛኑን ወሰደበት።

መስጊድ ውስጥ ጉዱ የወጣው በጁምዓ ነው። የኢማሙን ድምፅ ስለማይሰማ ሰው ሁሉ ሲጎነበስ እሱ ቆሞ ይቀራል። ደንግጦ ሲከተል ደግሞ ተንገዳግዶ ጎኑ ያለው ሰው ላይ ይወድቃል። ውጣ ያለው የለም። ትከሻ ለትከሻ በሚቆምበት ሰልፍ ውስጥ ግን ግራና ቀኙ አንዳንድ ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ ይተውለት ጀመር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤት መስገድ ጀመረ። መርፌ ሲወጋ ነው የከረመው ብለን መናገር እንችል ነበር። ስኳሩን አሰብንና ዝም አልን።

ይህም ሳያንስ እኔ ራሴ ጠረጠርኩት። አንድ ቀን ጓሮ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ፣ ፊቱን ሊታጠብ ዓይኑን ጨፈን ከማድረጉ ጀሪካኑ ላይ ተደፋ። ሮጬ አነሳሁት፣ እያነሳሁትም አፉን አሸተትኩ። የሸተተኝ መፋቂያ ብቻ ነበር። «የማይሸት መጠጥም አለ» አልኩ በሆዴ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ስጽፈው እንኳ እጄ ያፍራል።

እናቴ ከሞተች በኋላ፣ እኔም የራሴን ደመወዝ ማግኘት ስጀምር፣ ሐዋሳ አንድ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጽፎ ያቀረበለት የመጀመሪያ ጥያቄ «የቲቢ መርፌ ወስደው ያውቃሉ?» የሚል ነበር። አባቴ አንብቦ ወደ እኔ አየ። ልንገረው ወይስ እንደብቅ ማለቱ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶም ፈቃድ ይጠይቀኛል። በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄድ አንድ ነርቭ አለ» አለኝ ሐኪሙ። «ድምፅንም፣ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበትንም መልእክት የሚያደርሰው እሱ ነው። ያ መርፌ አንዳንድ ሰው እዚያ ላይ ይጎዳዋል። ስለዚህ አባትሽ ዓይናቸው እስካየ ድረስ በዓይናቸው ይደገፋሉ፤ ሲጨፍኑ ይወድቃሉ።»

ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኩት። አይመለስም አለ። እኛ በአንድ ሱቅ ስኳር የለወጥነውን ነገር እሱ አንድ ሻይ እስኪቀዘቅዝ በማይሞላ ጊዜ ነግሮኝ ጨረሰ።

ሁሉንም ለአባቴ ጻፍኩለት። ስለ ጆሮው አንድም ነገር አልጠየቀም። «ሂጂና ለሐጂ ንገሪያቸው» አለኝ። «ሳልሞት አንድ ጁምዓ ሰው አጠገቤ ቆሞ ልስገድ። ሌላ አልፈልግም።»

ነገሌ እንደተመለስን በባጃጅ ሄድን። እሱ ባጃጁ ውስጥ ቀረ፣ እኔ ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ትልቁ ወደሆኑት ሐጂ ቤት ገባሁ። መርፌውን፣ ቦሬን፣ ገብሱን፣ ነርቩን፣ አንዳች ሳልደብቅ ነገርኳቸው። የተስቢያቸውን ፍሬ እየቆጠሩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «እኛ እኮ ይቅር ካልነው ቆየን። አላህ መሓሪ ነው። ይምጣ፣ ይስገድ።»

«ሐጂ፣ ጠጥቶ አያውቅም እኮ ነው የምልዎት!»

«እሺ፣ እሺ። መጠጡን ትቷል ብለናል። ያለፈ አይነሳም።»

ስወጣ አባቴ የባጃጁን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ይጠብቀኛል። «ምን አሉ?» አለኝ። አምነዋል ብዬ ልጽፍለት የምንነጋገርበትን ደብተር ከፈትኩ። በቤታችን የተዋሸው ይበቃል ብዬ የተባልኩትን ጻፍኩለት፤ «ይቅር ብለነዋል አሉ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ጮኾ፣

«ምን አድርጌ?» አለኝ።