የአያ ሰይድ ዘፈኖች ስም

ከጠዋት ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ጋር ግብግብ ይዣለሁ። የጻፍኩት አጭር ኮድ በማጫወቻው ላይ ያለውን ዘፈን ስም እያነበበ ለድሮ ዘፈኖች በሠራሁት ድረ ገጽ ላይ «አሁን የሚሰማው» ከሚለው ሥር ማውጣት ነበረበት፤ እሱ ግን ዘፈን በተቀየረ ቁጥር «ያልታወቀ» ይለኛል። አሥር ጊዜ ፈታሁት፣ አሥር ጊዜ ገጠምኩት፤ ያው ነው። አናቴ ዞረ። የዘፈኑ ከበሮና ጭብጨባ ግን ስም ሳይጠይቅ ይወርዳል፤ እኔንም ሳልወድ ወስዶ ከሚሴ፣ አያ ሰይድ ካሴት ቤት ደጃፍ ላይ ይጥለኛል።

አያ ሰይድ ጎረቤታችን ነበር። እዚያው አጠገባችን ያለው የጨፋ ሰርግ አያመልጠውም፤ ትልቁን ቴፑን ተሸክሞ ይሄድና ሴቶቹ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያቀላቀሉ ሲያወርዱት ይቀዳል፣ በማግስቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይለቀዋል፣ እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ የማሽላ እሸት እየፈለፈልን ግድግዳውን ተደግፈን እንሰማለን። ካሴት ላይ መጻፍ አይወድም፣ «ቀለም ይለቃል» ይላል። በዚያ ፈንታ የመቅጃውን ቁልፍ ተጭኖ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ቢስሚላህ! የጨፋዋ ፋጡማ ናት፣ በሙሄ ልጅ ሰርግ። ዝም በሉ እንጂ እናንተ!» ብሎ ይጀምራል። እኛ በዘፈኑ ሳይሆን በእሱ ነበር የምንስቀው።

እሱ ካረፈ በኋላ ልጁ ዘሃራ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማቸው ብላ ካሴቶቹን ሰጠችኝ። እኔም አዋቂው፣ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጣቸው ሳሉና ኳኳታው ጆሮዬን ቢረብሸኝ፣ ሌላ ቅጂ ሳላስቀር በአንድ ትእዛዝ የሁሉንም መጀመሪያ ቆርጬ ጣልኩ። ጥርት አለልኝ ብዬም ኮራሁ። ኮዱ ምን ያድርግ? የተጻፈ ስም የለም፤ አያ ሰይድ በድምፁ የተናገራቸውን ስሞች ቆርጬ ያጠፋሁት እኔው ነኝ፤ ይህን የተረዳሁት ዛሬ፣ ስንት ሰዓት ሙሉ ስረግመው ከዋልኩ በኋላ ነው።

ለዘሃራ ደወልኩና ስሞቹ እንደጠፉ ነገርኳት።

«አብሽር ወንድሜ፣ እሱ ምን አለው! የጨፋ እናቶች ሰምተው ይነግሩናል፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አባባ ሲናገር የሚሰማውስ የቱ ጋ ስጫን ነው? ከጠዋት ጀምሮ እየፈለግኩት ነው» አለች።

ካሴቶቹን ገልብጬ ስመልስላት «ቦታ ከሚያጣብቡሽ ጣያቸው» ብዬ ያስጣልኳትም እኔው ነኝ።