ቡሽ መግጠሚያውና የጋሽ አምሐ አክስት

እኔ ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ ሰው እንዳይስቅብኝም እፈራለሁ። ግን የጋሽ አምሐ ጎረቤት ነኝ፣ የወይናቸውንም ጠርሙስ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ እንዳየሁት ልጻፈው።

የጋሽ አምሐ ቤት መካኒሳ ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ወይን ሆነ። ዘቢብ በደምጃን፣ በዚያ ሆደ ሰፊ ጠርሙስ፣ ይዘፈዝፉና ጆሯቸውን ደምጃኑ ላይ ለጥፈው ሲፈላ ያዳምጣሉ። "ዛሬ ተቆጥቷል" ይላሉ።

ዓምና፣ በሰማንያ ስምንት፣ ልጃቸው ጸደንያ ልትታጭ ሆነ። የወንዱ ልጅ አባት አቶ በፍቃዱ ለሽምግልና የመጡ ጊዜ ወይኑ በጀሪካን ቀረበላቸው።

"ይሄ ወይን ነው ወይስ ላምባ?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጸደንያ ጓዳ ገብታ ቀረች። ጋሽ አምሐ ግን የቀለበቱ ቀን ወይኑ ቡሽ ባለው ጠርሙስ ካልቀረበ ከሰው ፊት አልቀርብም ብለው ማሉ።

ምናለሽ ተራ አብረን ሄድን። ሁለት ቡሽ መግጠሚያ አገኘን። አንዷ ትንሽ ናት፣ በሁለት እጅ ነው የምትጫነው። ጋሽ አምሐ ጠርሙስ በጉልበታቸው መሃል ይዘው ሞከሯት፤ ቡሹ ግማሽ ሲገባ ጠርሙሱ ሾልኮ ባለሱቁ እግር ላይ ወደቀ። ሌላው ወገብ የሚደርስ ብረት ነው፤ ሦስት እግርና ረጅም እጀታ አለው። ጠርሙሱ ከሥር ይቆማል፣ ከላይ ያለው የናስ መንጋጋ ቡሹን ጨምቆ ያቀጥነዋል፣ እጀታውን ሲጫኑት ጥርቅ።

"እግር ያለው ማሽን ሰው አይከዳም" ብለው ትልቁን ገዙ።

ቤት ሲገባ ግን በር አላዘጋ አለ። ለጊዜው ብለው የእድራችን እቃ ቤት አስቀመጡት።

ወይኑ ደረሰ። ሐሙስ ዕለት ጋሽ አምሐ ቸኩለው ጠርሙሱን ሁሉ ሞሉ፣ ቡሹንም ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፉና መግጠሚያውን ሊያመጡ ሄዱ። የእቃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሂርጳ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

"እዚህ የገባ የእድር ነው። የእድር እቃ ለለቅሶ ካልሆነ አይወጣም።"

"ሂርጳ፣ የራሴ እኮ ነው! አንተው አይደለህ የተሸከምክልኝ?"

"ተሸክሜያለሁ። ሕጉ ግን ሕግ ነው ጋሽ አምሐ።"

ክፍት የቆየ ወይን ደግሞ አቸቶ ይሆናል። ቀለበቱ እሑድ ነው። ጋሽ አምሐ ጠርሙሶቹን በላስቲክ ሸፍነው ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ባለቤታቸው እትዬ ጸሐይወርቅ ትንሽ አዩዋቸውና፣

"እኔ የምልህ፣ ደብረ ብርሃን የሞተችው አክስትህ፣ ለቅሶ ተቀምጠህላታል?" አሉ።

"ያኔ ወታደር ሆኜ ጠረፍ ነበርኩ። የት ተቀምጬ?"

"እንግዲያው አሁን ተቀመጥላት።"

አቶ ሂርጳ ሲነገራቸው እፎይ አሉ። "ታዲያ ይሄ ቀድሞ አይነገርም?" አሉ። አርብ ጠዋት ድንኳኑ ወጣ፣ አግዳሚው ወጣ፣ ብረት ድስቱ ወጣ፣ ቡሽ መግጠሚያውም ወጣ። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። አንዱ "እግዜር ያጥናህ" እያለ ጠርሙስ ያቀብላል፣ አንዱ ቡሽ። ጋሽ አምሐ "ከቡሹ ሥር ትንሽ ባዶ ይቅር፣ እስካፉ የሞላውን አጉድሉ" እያሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ይጫናሉ። ጥርቅ። እውነቴን ነው፣ ከልባቸው ነበር የሚያለቅሱት፤ ያሳደገቻቸው እሷ ናት።

ከሰዓት አቶ በፍቃዱ ጋሽ አምሐ ቤት ለቅሶ አለ ሲባል ሰምተው፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። "ወይኔ አምሐ! ወይኔ ወንድሜ!" እያሉ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ሟቹ እጀታ ይዘው ቆመዋል።

"አልሞቱም እንዴ?"

"አክስቴ ናት።"

"መቼ አረፉ?"

"በጃንሆይ ጊዜ።"

ቀለበቱ ፈረሰ ብዬ የያዝኩትን ጠርሙስ ከኋላዬ ሸሸግኩ። አቶ በፍቃዱ የተደረደረውን ጠርሙስ አዩ፣ መግጠሚያውን አዩ። ጀሪካኑ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፣ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና፣

"እስቲ አንዷን እኔ" አሉ።

እጀታውን ተጭነው ግማሽ ላይ ቆሙ።

"አይቁሙ!" ብለው ጮኹ ጋሽ አምሐ፣ "መሃል ላይ ከቆሙ ቡሹ ተጣሞ ይቀራል! ባንዴ!"

ተጫኑ። ጥርቅ። አንዲት ሴትዮ ለቅሶ መሆኑን ረስታ እልል አለች።

ቀለበቱ እሑድ እዚያው ድንኳን ሥር ታሰረ፤ አቶ ሂርጳ ሦስት ቀን ሳይሞላ ድንኳን አያነሱም። አቶ በፍቃዱ የገጠሟትን ጠርሙስ ሰው እንዳይነካት ሲጠብቁ ቆይተው፣ ራሳቸው ከፍተው መጀመሪያ ለጸደንያ ቀዱላት።

መግጠሚያው ግን ተመልሶ እቃ ቤት ገባ። ጋሽ አምሐ ዘንድሮም ዘቢብ ዘፍዝፈዋል። ሌላ አክስት ግን የላቸውም።